ለፈረንጅ የሚፋቅ እንሰት

ሚሊኒየሙ ሊገባ ሁለት ዓመት ሲቀረው አርባ ምንጭ ተመድቤ ጂኦግራፊ አስተምር ነበር። አስተምር ነበር ማለቴ ለወጉ ነው፤ ሥራዬ ፕላዝማ መክፈትና መዝጋት ነበር። በየክፍሉ ግድግዳ ላይ በብረት ሳጥን የተቆለፈ ቴሌቪዥን አለ። ደወል ሲደወል ቁልፌን ይዤ እገባለሁ፣ እከፍታለሁ፣ ከዚያ ጥግ ይዤ አንድ የማላውቀው ሰው ሰባ ለሚሆኑ ልጆች በእንግሊዝኛ ሲጋልብ አያለሁ። ሰውየው መሀል ላይ "አሁን ከጎናችሁ ካለው ጓደኛችሁ ጋር ተወያዩ" ይልና ሁለት ደቂቃ ይሰጣል። ልጆቹ "ምን ተወያዩ ነው ያለው?" እያሉ ሲወያዩ ሁለቱ ደቂቃ ያልቃል። መጨረሻ ላይ ለእኔ አምስት ደቂቃ ትተርፋለች። በዚያች አምስት ደቂቃ ሰውየው ያለውን በአማርኛ እደግማለሁ፤ አማርኛውም ቢሆን ለአብዛኞቹ የገበያና የመሥሪያ ቤት ቋንቋ እንጂ የቤታቸው አልነበረም።

የቱሪዝም ምዕራፍ ላይ ስንደርስ እንደ ልማዴ ማስታወሻ አስጻፍኳቸው። "ቱሪዝም ጭስ አልባ ኢንዱስትሪ ነው።" ጻፉ። "ጥቅሙ አራት ነው።" ጻፉ። "ጉዳቱ ሦስት ነው፤ የባህል መበረዝ፣ የኑሮ ውድነት፣ የአካባቢ ብክለት።" ይህንንም ጻፉ። ከደብረ ማርቆስ መጥቼ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ከሰላምታ ያለፈ የጋሞ ቃል ያልተማርኩ ሰው፣ ለጋሞ ልጆች ባህላቸው እንዴት እንደሚበረዝ በቁጥር አስጻፍኳቸው። ያን ጊዜ ይህ ነገር አላሳቀኝም። ጎበዝ አስተማሪ የሆንኩ መስሎኝ ጠመኔዬን አራግፌ ወጣሁ።

በሳምንቱ ፈተና ሰጠሁ። አንዱ ጥያቄ "የቱሪዝምን ሦስት ጉዳቶች ዘርዝሩ" ይላል። ሁሉም ዘረዘሩ፤ የኔኑ ቃል፣ በኔው ቅደም ተከተል፣ አንዳንዶቹ ሰሌዳ ላይ የተሳሳትኳትን ፊደል ሳይቀር። አንዲት ልጅ ብቻ አልዘረዘረችም። ከተራራው ከዶርዜ ወርዳ፣ ከተማው ውስጥ ሲቀላ ሰፈር ቤት ተከራይታ የምትማር፣ ክፍል ውስጥ ድምፅዋን ሰምቼው የማላውቅ ልጅ ናት። በእንግሊዝኛ መጻፍ ሲገባት በአማርኛ ጽፋለች፤ ይኸው ብቻውን ነጥብ ያስቀንሳል። የጻፈችው እንዲህ የሚል ነበር፦ "እናቴ መኪና ሲመጣ ሥራ የምትሠራ ትመስላለች። መኪናው ሲሄድ ሥራዋን ትጀምራለች። ስለዚህ በቀን ሁለት ጊዜ ይደክማታል።"

ምን እንደምትል አልገባኝም። ሊገባኝም አልፈለግኩም፤ ሁለት መቶ ወረቀት ይጠብቀኛል። በቀይ እስክሪብቶ ዜሮ አደረግኩና ከጎኑ "ደብተርሽን አንብቢ" ብዬ ጻፍኩ።

ብዙም ሳይቆይ የዲፓርትመንታችን ኃላፊ "ተግባር ተኮር ትምህርት" የምትል ቃል ከአንድ ስብሰባ ይዞ መጣ። ለዞን የሚላክ ሪፖርት ፎቶ ያስፈልገዋል። ስለ ቱሪዝም እያስተማርን ነው፣ ዶርዜ ደግሞ ቅርብ ነው፤ አንድ አይሱዙ ለመነና ልጆቹን ጭነን ያንን ጠመዝማዛ ዳገት ተያያዝነው። ኃላፊው ጋቢና ውስጥ ሆኖ ካሜራውን ይወለውላል። "ሱፐርቫይዘሮቹ ሲያዩት ይደነግጣሉ" አለኝ። በኋላም ተደምሮ ስድስት ዓመት አብሬው ስሠራ ስለ ተማሪ አንድ ጊዜ ሲያስብ አላየሁትም፤ ስለ ሱፐርቫይዘር ግን በሕልሙም ያስባል።

ላይ ስንደርስ ለጎብኚ በተዘጋጀ አንድ ግቢ ተቀበሉን። አስጎብኚው እጁ እስከ ክርኑ በአምባር የተሞላ፣ መነጽሩን በደመና ቀን የማያወልቅ የከተማ ልጅ ነበር። ከኛ ኋላ ፈረንጆች የጫኑ ሁለት ላንድክሩዘሮች ሲገቡ ፊቱ ተለዋወጠ።

"ቲቸር፣ ልጆቹን ወደ ጥግ አድርግልኝ" አለኝ። "ፈረንጆቹ ፎቶ ሲያነሡ ዩኒፎርም እንዳይገባባቸው።"

ወደ ጥግ አደረግኳቸው። የራሳቸው አገር ላይ ቆመው ፎቶ የሚያበላሹ ሆኑ፤ እኔም እንደ ከብት ነዳኋቸው። አንዲት ሸበቶ ፈረንጅ ግን አይታ አዘነችላቸውና ከቦርሳዋ ፊኛ እያወጣች ማደል ጀመረች። ጢሙን መላጨት የጀመረው የክፍል አለቃችን ቢጫ ፊኛ ደረሰው። "ቴንኪው" አለ፣ ምን ይበል?

አስጎብኚው ቤቱ የዝሆን ፊት እንደሚመስል፣ ምስጥ ሲበላው እያጠረ እንደሚሄድ አስረዳ። ቀጥሎ አንዲት ሴት ነጠላዋን አገልድማ ወጣች፣ ለመፋቂያ ዘመም ብሎ የቆመ ጣውላ ሥር ተቀመጠች፣ የእንሰቱን ልጥ በእግሯ ጣውላው ላይ ደግፋ በቀርከሃ መፋቅ ጀመረች። አስጎብኚው "የዛሬ ምግቧን እያዘጋጀች ነው" ይላል። ካሜራዎች ተንጫጩ። እኔም ደብተሬን አውጥቼ "ባህላዊ የምግብ አዘገጃጀት" ብዬ ጻፍኩ።

ከኋላዬ ልጆቹ መሳቅ ጀመሩ።

"ምን ያስቃችኋል?"

"ቲቸር፣ እሱ እኮ አልቋል!" አለች አንዷ። "ቃጫው ብቻ ነው የቀረው። ምንም የሚፋቅ የለውም።"

ቀረብ ብዬ አየሁ። እውነትም ሴትዮዋ የምትፍቀው ከተፋቀ የሰነበተ ልጥ ነበር። ከዚያ ለቆጮ የሚሆን ምንም አይወጣም። ጠዋት የመጣ መኪና አይቶታል፣ ትናንት የመጣም አይቶታል። ይህን ለማወቅ ቤቱ እንሰት ያለው ልጅ መሆን ይበቃል፤ የጂኦግራፊ ዲግሪ ግን አይበቃም።

ፈረንጆቹ ሽመና ሊያዩ ወደ ሌላው ቤት ሲያልፉ ኃላፊያችን ካሜራውን አነሣ። "እናትዬ፣ ለኛም አንዴ ድገሚልን!" አለ። ሴትዮዋ አማርኛ አልገባትም፤ ግራ ገብቷት አየችን። ይኼኔ እኔ፣ ልጡ ማለቁን በዓይኔ ያየሁት ሰውዬ፣ በእጄ የመፋቅ ምልክት አሳየኋት። ዛሬም እጄን አስታውሰዋለሁ፤ ወደ ላይ ወደ ታች፣ ወደ ላይ ወደ ታች።

ያቺ ድምፅዋን ሰምቼው የማላውቅ ልጅ ከልጆቹ መሀል ወጣች። ወደ ሴትዮዋ ሄዳ በጋሞኛ የሆነ ነገር ተናገረቻት። ሴትዮዋ በአጭሩ መለሰችላትና ተነሣች።

"ምንድነው?" አልኳት።

"እናቴ ናት።"

ሳቁ ቆመ። እኔ ገና አሁን ያንን ወረቀት አስታወስኩ።

"መፋቅ ማየት ከፈለጋችሁ እኔ እፍቃለሁ" አለች። መልሳችንን አልጠበቀችም። ከቤቱ ጀርባ ሄዳ ትኩስ ልጥ አመጣች፣ ቀሚሷን ሰብስባ ተቀመጠች፣ እግሯን ሰቅላ መፋቅ ጀመረች። ነጩ ነገር እየተንፏፏ ወረደ፣ ዩኒፎርሟ ላይ ተፈናጠቀ። እንደምትሠራ ሳይሆን እንደምትጣላ ነበር የምትፍቀው። ሲበቃት ቀና ብላ አየችኝ።

"ቲቸር፣ ሥራ ማለት ይኼ ነው። ቅድም ያያችሁት የቱሪዝም ጉዳት ነው። አንደኛው ላይ ነው የሚገባው፣ ሁለተኛው ላይ ወይስ ሦስተኛው ላይ?"

የመለሰላት ኃላፊያችን ነበር፤ ብልጭ አደረገና ፎቶ አነሣት። "በጣም ቆንጆ! አሁን ሁላችሁም ደብተር ይዛችሁ ዙሯት።" ያ ፎቶ "ተማሪዎች በተግባር ሲማሩ" ተብሎ ከሪፖርቱ ጋር ተላከ።

እናቷ በነጠላዋ ጫፍ የልጇን ዩኒፎርም ስትጠርግ ቆየች። ቀጥላም ቆጮ ከዳጣ ጋር አምጥታ አቀረበችልን። እኔ አልነካሁትም፤ አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ። ሴትዮዋ አንድ ነገር አለች።

"ምን አለች?"

"'ይኼ ሰውዬ ታሟል እንዴ?' እያለች ነው" አለችኝ ልጅቷ።

በላሁ። ዳጣው ዓይኔን አስለቀሰኝ፤ ለዳጣው ምስጋና ይግባውና ሌላ ምክንያት መፈለግ አላስፈለገኝም።

ሰኞ ዕለት ለኃላፊው የልጅቷን ነጥብ ላስተካክል እንደምፈልግ ነገርኩት።

"መልሱ የማረሚያው ቁልፍ ላይ አለ?" አለኝ።

"የለም።"

"ታዲያ ለሷ ከሰጠህ ነገ ሌላው ሁሉ 'እናቴ፣ እናቴ' እያለ ሲመጣብህ ምን ልትለው ነው?"

የሱን ንቀት ማውራት ቀላል ነው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ሳወራው ኖሬያለሁ። ግን ቀዩ እስክሪብቶ በኔ ኪስ ነበር። ማርክ መያዣው በኔ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ማንም ሳያየኝ ማስተካከል እችል ነበር፣ አላስተካከልኩም። ነገር ፈራሁ። ነገሩም ቢመጣ ምን እንደሚያደርገኝ አላውቅም ነበር፤ ዝም ብዬ ፈራሁ።

በዓመቱ መጨረሻ ፈተና ላይ ያው ጥያቄ ወጣ። ልጅቷ በእንግሊዝኛ፣ በቅደም ተከተል፣ ሦስቱንም ጻፈች። የባህል መበረዝ፣ የኑሮ ውድነት፣ የአካባቢ ብክለት። ሙሉ ነጥብ ሰጠኋት። በሕይወቴ እንደዚያ ያሳፈረኝ ትክክለኛ መልስ አርሜ አላውቅም።

ዓመታት ሄዱ። ኃላፊያችን ዕድገት አግኝቶ ዞን ገባ። ፕላዝማዎቹ ተራ በተራ ተበላሽተው በየግድግዳው ባዶ ሳጥን ሆነው ቀሩ። አዲስ መጽሐፍ መጣልን፤ በአዲሱ የቱሪዝም ጉዳት አራት ሆኗል። እኔ አራቱንም አስጽፋለሁ፤ ከዚያ መጽሐፉን አስዘግቼ "አሁን ከቤታችሁ ያያችሁትን ንገሩኝ" እላለሁ። አብዛኞቹ ዝም ይላሉ። ዝም ቢሉ አልፈርድባቸውም፤ ያስተማርናቸው እሱን ነው።

አንድ ቅዳሜ ሲቀላ መናኸሪያ ሚኒባስ ስጠብቅ አንዲት ሴት "ቲቸር" ብላ ጠራችኝ። ወዲያው አወቅኳት፤ ያቺው የዶርዜ ልጅ ናት። ምዕራብ ዓባያ ትምህርት ቤት እንደምታስተምር ነገረችኝ።

"ጂኦግራፊ?" አልኳት፣ በሞኝ ተስፋ።

"ኧረ ሂሳብ!" ብላ ሳቀች።

ለዓመታት ያዘጋጀሁት ይቅርታ ነበረኝ። ጀመርኩት፣ ተንተባተብኩ፤ እሷ ደግሞ ዕቃዋን ጣሪያ ላይ ለሚጭነው ልጅ እየጮኸች ግማሹን አልሰማችውም። የሰማችውንም ጉዳይ ያደረገችው አልመሰለኝም። ስለ እናቷ ጠየቅኳት።

"ከኔ ጋር ናት። ግን ሙቀቱን አልቻለችውም፣ ትንኙንም አልቻለችውም። አልጋዋን አውጥታ ማንጎው ሥር ነው የምትውለው። ዶርዜ መልሺኝ እያለች በየቀኑ ትጨቀጭቀኛለች።"

"ትመልሻታለሽ?"

"ክረምቱ ይውጣ እንጂ" አለችና ሮጣ ገባች። ሚኒባሱ ሞልቶ ስለነበር ሁለት ሰዎች መሀል ተጣብቃ ተቀመጠች።