ጀርመን ነው ያልኩት ውሻ

ውሻው የእኔ አልነበረም። የእኔ ቢሆን ይህን ያህል አያሳፍረኝም ነበር እላለሁ አንዳንዴ። እሱም ራስን ማታለል ሳይሆን አይቀርም።

ውሻው የእማማ ነበር። እማማ የምላቸው ጎረቤቴ ናቸው፤ ከቃሊቲ ማረሚያ ቤት አለፍ ብላ ባለች ጠባብ የቆርቆሮ ሱቅ የጠያቂዎችን ስልክ ያስቀምጣሉ። ጠያቂ ስልክ ይዞ አይገባም። ስለዚህ ለእማማ ይሰጣል፤ እማማ ከካርቶን የተቀደደ ቁጥር አንዱን ከስልኩ ጋር ያስራሉ፣ አንዱን ለባለቤቱ ይሰጣሉ። ውሻው በሩ ላይ ይተኛል።

ቡችላ ሆኖ የመጣ ጊዜ ጀርባው ጠቆር ያለ፣ እግሩ ቡናማ፣ አንድ ጆሮው ቀጥ ብሎ የቆመ ነበር። «ዘሩ ምን ይሆን?» አሉኝ እማማ። ስልኬ ላይ ተደፍቼ ሳነብ ስለሚያዩኝ የማውቅ መስሏቸው ነው። ጀርባውን አየሁና «ጀርመን ነው» አልኳቸው። አላውቅም የሚለው ቃል አፌ ላይ አልመጣም።

ያኔ ቂሊንጦ አንድ ልብስ ፋብሪካ እሠራ ነበር፤ ሰርቪሱ የሚያወርደኝ ሱቃቸው አጠገብ ነው። በወረድኩ ቁጥር ስለ ጀርመን ሼፐርድ ያነበብኩትን እነግራቸዋለሁ። መጀመሪያ በግ ጠባቂ እንደነበር፣ ሥራ ሲፈታ ጫማ እንደሚበላ፣ ሲያረጅ ዳሌው እንደሚያስቸግረው፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ፀጉሩን እንደሚያራግፍ። እማማ ስልክ እየተቀበሉ ያዳምጡኛል። ለጓደኞቼ የጻፍኩትን ግጥም ሳነብላቸው ሰዓታቸውን ነው የሚያዩት፤ እማማ ግን «ከዚያስ?» ይሉኛል። ያ «ከዚያስ» ነው ያበላሸኝ። ያነበብኩት ሲያልቅብኝ እንኳ ከራሴ ጨምሬ አውርቻለሁ።

እሳቸውም ለጠያቂዎቹ ጀርመን ነው ማለት ጀመሩ። አንድ ቀን ከማረሚያ ቤቱ ጠባቂዎች አንዱ ሊያሾፍ ፈልጎ ጀርመንኛ ይችል እንደሆነ ጠየቃቸው። «አማርኛውን ካንተ በተሻለ ይሰማል፤ ዝም በል ሲሉት ዝም ይላል» አሉት። ተሳሳቅን። እኔ ከሁሉም በላይ ሳቅሁ።

ክረምቱ ሲወጣ ፀጉሩ መርገፍ ጀመረ። እማማ ደህና መሆኑን ሲጠይቁኝ ዘሩ ነው፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ይረግፋል ብዬዎት የለ ወይ አልኳቸው። ተጽናኑ። ሦስት ሳምንት አለፈ። የጆሮው ጠርዝና ክርኑ ተመልጦ ቆዳው እንደ አሮጌ ጫማ ጠነከረ። ጎኑን ቆርቆሮው ላይ ሲያክክ ሱቁ በሙሉ ይንኳኳል፤ ስልክ የሚያስረክቡት ሰዎች ዘወር ብለው ያዩታል። እኔም ሰምቻለሁ። ፀጉሩ ይተካል አልኩ።

በመጨረሻ እማማ አልጠየቁኝም። ነገ ሐኪም ቤት ውሰደው ብለው ሰንሰለቱን ሰጡኝ።

በማግስቱ ዕረፍቴ ነበርና ይዤው ወጣሁ። መንገድ ላይ ግን አንድ ነገር ይከነክነኝ ጀመር። ሐኪሙ ስለ ዘሩ ይጠይቀኛል፤ ጀርመን ነው ስል ይስቃል፤ ሳቁ እማማ ጋ ይደርሳል። የቆመው ጆሮ ከወደቀ ቆይቷል። አሁን የማየው አቃቂ ውስጥ በየሥጋ ቤቱ በር ተኝቶ የሚታየውን የእኛኑ ውሻ ነበር። ይህን ካወቅሁ ወራት ሆኖኛል፤ ለማንም አልተናገርኩም እንጂ።

ጋራዥ የሚሠራ አብሮ አደጌ በር ላይ ቆሞ አየኝ። ወዴት እንደምሄድ ነገርኩት። «ለእከክ ሐኪም ቤት? ተው ባክህ። የተቃጠለ ዘይት ቀባው፣ በሳምንቱ ታየዋለህ» አለኝ። አባቱ አካባቢው ሁሉ ማሳ በነበረበት ጊዜ በሬዎቻቸውን በዚሁ ያክሙ ነበር። በእኛ ሰፈር እንግዳ ነገር አይደለም፤ ዘይት ተቀብቶ ጥቁር ሆኖ የሚዞር ውሻ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ ግን አንድም ቀን ተከታትዬ አላውቅም። ከሞተር የወጣውን ዘይት በጨርቅ እየነከርን ከአንገቱ እስከ ጅራቱ ቀባነው። ዝም ብሎ ቆመልን።

ጓደኛዬ ያመነበትን ነው የመከረኝ። እኔ ግን ዘይቱ ያድነዋል ብዬ አልነበረም የተቀበልኩት፤ ከሐኪሙ ስለሚያስጥለኝ ነው።

ለእማማ ሐኪም ቤት መድኃኒት ቀቡት አልኳቸው። መረቁኝ። ቆሜ አሜን አልኩ።

ውሻው ሲያሳክከው ይልሳል። በሦስተኛው ቀን ከሥራ ስወርድ ምራቁ እየተዝረበረበ፣ እግሩ እየተንቀጠቀጠ አገኘሁት። ጠዋት የበላውን አስመልሷል። እማማ ፊታቸው ተለዋውጦ ቶሎ ወደዚያው ሐኪም መልሰው አሉኝ። በጆንያ ጠቅልዬ ባጃጅ ውስጥ አስገባሁት፤ ጭንቅላቱን ጉልበቴ ላይ ጣለ።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ጠጋ ብላ አሸተተችውና ቀና ብላ አየችኝ። ምን እንደቀባሁት ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። አልተቆጣችም። ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ሦስት ጊዜ አብረን አጠብነው፤ ውሃው ጥቁር ሆኖ ይወርድ ነበር። ዘይቱ በቆዳውም እንደሚገባ፣ ሲልሰው ደግሞ ጉበቱን እንደሚጎዳው እያጠበች ነገረችኝ። ግሉኮስ ሰካችለት። ለእከኩ መርፌ ወጋችውና ከሁለት ሳምንት በኋላ ካልተደገመ ተመልሶ ይነሳል አለች። ፀጉር በወቅቱ ሲረግፍ ቆዳ እንደማይራቆት ያስረዳችኝም ያኔ ነው። ዘሩን ግን ፈጽሞ አልጠየቀችኝም።

ውሻው ተረፈ። መብላት ሲጀምር እማማ ያመመው በቅባቱ መሆኑን ገምተው ያ መርዝ የቀባ ሐኪም ይሉ ጀመር። ለጠያቂውም፣ ለጎረቤቱም፣ ውሻ ላለው ሁሉ እዚያ ቤት እንዳትሄዱ ይሉ ነበር። የሁለተኛው መርፌ ቀን ሲደርስ እንሂድ አልኳቸው። እዚያ ቤት ሬሳውም አይሄድም አሉኝ። ሌላ ሐኪም እንፈልግ አልኩ፤ ሁሉም አንድ ናቸው አሉ። ቀኑ አለፈ። አራት ቀን ተጨመረ። ውሻው እንደገና ቆርቆሮው ላይ መታከክ ጀመረ።

መጠየቂያ ባልሆነ ቀን ጠዋት ሄድኩ። እማማ ካርቶን በመቀስ እየቆረጡ ነበር።

«እማማ፣ ሐኪሟ ምንም አላደረገችም። ዘይት የቀባሁት እኔ ነኝ። መጀመሪያ የላኩኝ ቀን ሐኪም ቤት አልደረስኩም።»

መቀሱን አላስቀመጡም። «ለምን?»

«ጀርመን እንዳልሆነ ሐኪሞቹ እንዳይነግሩዎት።»

ውሻውን አዩት፤ ከዚያ እኔን። «ልጄ፣ እኔ ጀርመን መቼ ፈለግሁ? ዘሩን የጠየቅሁህ ምን እንደማበላው ላውቅ ነው።»

ካርቶኑን መቁረጥ ቀጠሉና «እስከ ዛሬ ካወራኸኝ ውስጥ እውነቱ የቱ ነው?» አሉኝ።

ይህን በቁጣ አልጠየቁኝም፤ በእርግጥ ማወቅ ፈልገው ነበር። አሰብኩ። ውሃውን በየቀኑ ይቀይሩለት ያልኩት እውነት ነው፣ የተቀቀለ የዶሮ አጥንት አይስጡት ያልኩት እውነት ነው፣ የእብድ ውሻ ክትባት በየዓመቱ ያስፈልገዋል ያልኩትም እውነት ነው አልኳቸው። ቀጥዬ ሌላ ፈለግሁ። ብዙ አላገኘሁም።

ነጠላቸውን አጣፉና ሰንሰለቱን ፈቱ። ልያዝልዎት ብል እጃቸውን ሰበሰቡ። አስፋልቱ ዳር ባጃጅ አስቁመው ውሻውን አስገቡ፤ ክሊኒኩ የት እንደሆነ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው፤ ከማደያው ቀጥሎ፣ በስተግራ። ሁለተኛ አስደገሙኝ። ከዚያ ወደ ነጂው ዞረው ያንኑ ጠየቁት። እሱም ከማደያው ቀጥሎ በስተግራ ነው አላቸው። «እንግዲያው ንዳው» አሉት።