በእንግሊዝኛ የሚበላ ምሳ

በአቶ ገናናው ቤት የእሑድ ምሳ የሚበላው በእንግሊዝኛ ነበር። ደሴ ላይ እንግሊዝኛ ያስተማሩት ስድስት ዓመት ብቻ ነው፤ ከዚያ ስደት መጣና ጀርመን አገር ኡንተርሊደርባህ የሚባል ሰፈር አጠገብ ባለ ፋብሪካ ሠላሳ ዓመት በርሜል ሲያጥቡ ኖሩ። ከመምህርነታቸው የተረፈቻቸው ይህች ገበታ ናትና አንዲቷን ልጃቸውን ሕሊናን በእርሷ ላይ አልማሯትም። «ሄድኩ» ካለች፣ «እንዴት? በችኮላ? በዝግታ? እያመነታሽ? ተውሳከ ግስ የሌለው ግስ መሪ እንደሌለው ዕውር ነው!» ይሏታል። ሕሊና ሠላሳ አራት ዓመት ሞልቷታል።

«አንተ ሰው፣ ወጡ ቀዘቀዘ» ይላሉ ባለቤታቸው ወይዘሮ ውብነሽ፤ «‹እንዴት ቀዘቀዘ› በለኝ ደግሞ!»

በየካቲት ወር በአንዱ እሑድ ሕሊና ጉትሎይትፊርቴል ሰፈር ካለው ቤቷ ብቻዋን መጣች። የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ካፖርቷን ሳታወልቅ ተቀመጠችና በቤቱ ሕግ፣ በእንግሊዝኛ፣ «ልጁን አጣሁት» አለች።

የአቶ ገናናው አፍ ከልባቸው ቀደመ። «እንዴት?» አሉ፤ «በድንገት ነው ወይስ ቀስ በቀስ?»

ቃሉ የገባቸው ከተናገሩ በኋላ ነው። ወይዘሮ ውብነሽ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

«ፕሎትስሊሽ፣ ፓፓ» አለች ልጅቷ በጀርመንኛ፤ በድንገት ማለቷ ነበር። ተነሥታ ወጣች፤ ከዚያም እሑድ እሑድ መምጣቷ ቀረ።

አባትየው ደብዳቤ ሊጽፉላት ሞከሩ። አማርኛ ማንበብ አላስተማሯትም። ጀርመንኛቸው የበርሜልና የቢሮ ቀጠሮ ጀርመንኛ ነው፤ ለሐዘን አይበቃም። እንግሊዝኛው ግን ሞልቷል፤ ሆኖም የጻፉት ዐረፍተ ነገር ሁሉ መልመጃ እየመሰላቸው ቀደዱት። ቋንቋን ከሠላሳ ዓመት በላይ ለማረሚያ ብቻ ያዋለ ሰው ለማጽናኛ በፈለገው ቀን እንዲታዘዝለት የመጠበቅ መብት የለውም።

በስድስተኛው ሳምንት ራሳቸው ቤቷ ሄዱ። ሕሊና ደጃፉ ላይ ቆመች።

«ምሳ ሰዓት አይደለም፣ ፓፓ።»

«ልሰማሽ ነው የመጣሁት። በፈለግሽው ቋንቋ ንገሪኝ።»

እርሷም በጀርመንኛ ነገረቻቸው፤ ስለ ሆስፒታሉ፣ ስለ ባሏ ዝምታ፣ ተገዝቶ ስለነበረ አልጋ። በመጨረሻ ድምፅዋ ተሰበረና ፈጥና፣ ረጅም ነገር ተናገረች። አቶ ገናናው የገባቸው ስለ አልጋው እስከተናገረችው ድረስ ብቻ ነው።

«ገባህ?» አለች በአማርኛ።

«ገባኝ።»

ዐይናቸውን ጥቂት ተመለከተችና ራሷን ነቀነቀች። «እሺ፣ ሂድ በቃ። ማማ ብቻዋን ናት።»

ቤት ሲደርሱ ወይዘሮ ውብነሽ በሩ ላይ ጠበቋቸው። «ምን አለችህ?»

«ስለ ተገዛው አልጋ» አሉ፤ «ከዚያ ወዲያ ያለው አልገባኝም።»