ለቅሶ ቤት የወረደ ጨዋታ

ወንድሜ አርቴምዮ ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ሚስት ነበረችው፤ የሠርጋቸውን ቪዲዮ «ስልኬ ላይ ቦታ ያዘብኝ» ብሎ ሲያጠፋባት ጓዟን ጠቅልላ ሄደች። ትራይሲክል፣ ባለ ሦስት እግር የሞተር ታክሲ፣ ይነዳል። ይነዳል ማለት እንኳ ይከብዳል፣ ብዙውን ጊዜ ጥላ ሥር አቁሞት ነው የሚገኘው። ሰፈሩ ፊት ለፊት ቴምዮ ይለዋል፣ በሌለበት ደግሞ «ጫኝና አውራጅ»። ጆንያ ተሸክሞ የሚያውቅ እንዳይመስላችሁ። የሚያወርደውም የሚጭነውም የስልክ ጨዋታ ነው። ስለ ገዛ ወንድም እንዲህ ማውራት ነውር ነው የሚል ካለ፣ መጀመሪያ ይስማኝና ከዚያ ይፍረድ።

እነዚህ ትልልቅ የሚባሉት ጨዋታዎች አሥር፣ አሥራ ሁለት ጊጋ ናቸው። በየጥቂት ወሩ ደግሞ አዲስ ልብስና አዲስ ጠመንጃ ወጣላቸው ይባልና ግማሹ እንደገና ይወርዳል። እኔ ሰው ካርድ ሞልቶ የሚያወርድ ይመስለኝ ነበር። ቴምዮ ይህን ስነግረው ሳቀብኝ። በካርድ የሚያወርድ ሞኝ ነው አለኝ። በየሱቁ ደጃፍ ሳንቲም እየጎረሰ ዋይፋይ የሚሰጠው ማሽንም አይሆንም፣ ደቂቃ ይቆጥራል፤ መሀል ላይ ከተቋረጠ ሳንቲሙም ጨዋታውም ገደል ገባ ማለት ነው። ድሮ አንዱ ያወርድና ለሌሎቹ ከስልክ ወደ ስልክ ያስተላልፍላቸው ነበር። አሁን ጨዋታው በየራሳችሁ ካላወረዳችሁኝ አልከፈትም እያለ ስላስቸገረ አምስት ሆነው ነው የሚዞሩት። የቴምዮ ሕግ አንድ ነው፤ ትልቅ ጨዋታ የሚወርደው በሰው መስመር ነው፣ ያውም ባለቤቱ «ውጣ» ለማለት በሚያፍርበት ቤት።

እንዲህ ያለውን ቤት ደግሞ ያውቅበታል። ጤና ጣቢያ ሄዶ ግንባሩን ይዞ ይቀመጣል። ተራው ሲደርስ ለኋለኛው ይለቃል፤ ሰዉ ደግ መስሎት ይመርቀዋል። ማውረዱ ሲያልቅ ራስ ምታቱም ያልቃል። አንድ ቀን አንዲት ነፍሰ ጡር ግድግዳ ተደግፋ ቆማ፣ እሱ መስመሩ የሚጠነክርበትን ወንበር ይዞ አልነሳም ሲል በዓይኔ አይቻለሁ። ዓይኑን በጨው የታጠበ ሰው ነው።

ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ግን ለቅሶ ቤት ነው። በእኛ አገር ሬሳ እስኪቀበር ሳምንት ይሰነብታል፤ ፊት የሚያሳይ መስተዋት ያለው ሣጥን ሳሎን ይቀመጣል፣ በሩ ክፍት ነው፣ ብስኩትና የሩዝ ገንፎ አይጠፋም፣ መጥቶ የተቀመጠን ሰው ማንም ለምን መጣህ አይለውም። አሁን አሁን ከሩቅ የመጣ ዘመድ እንዳይቸገር ተብሎ የዋይፋዩ ቁልፍ ቃል በወረቀት ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ቴምዮ ማን ሞተ ብሎ አይጠይቅም። ቤቱ መስመር አለው ወይ ብሎ ነው የሚጠይቀው። ሲመለስ ደግሞ በቀጥታ ቤቱ አይገባም፤ ሙት እንዳይከተለው ዳቦ ቤት ጎራ ብሎ ትንሽ ዞር ዞር ይላል። ሙት ይፈራል፣ ሰው ግን አያፍርም።

ናናይ ሳልቫ የአጥር ጎረቤታችን ነበሩ። እናታችን ለሥራ ስትወጣ እኔንና ቴምዮን አብልተው ያሳደጉን እሳቸው ናቸው። ናናይ፣ እናታችን፣ የምንላቸውም ለዚሁ ነው። አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ ጆቬሊን፣ ኩዌት የሰው ቤት ሠራተኛ። ከሄደች ስምንት ዓመቷ ነው፣ አንድም ቀን አልተመለሰችም። እናቷ ሲታመሙ በየሳምንቱ ልታያቸው ብላ መስመሩን ያስገባችው፣ የዋይፋዩን ማሽን ግድግዳው ላይ ያሰቀለችው እሷ ናት። ናናይ ግንቦት ውስጥ ዐረፉ። ጆቬሊን ልምጣ ብትል ማዳሟ አልለቀቀቻትም። ስልኳን እንኳ የምትሰጣት ዓርብ ዓርብ ብቻ ነው። ለቀብሩ ቀን ግን ተለምና ተለምና አርባ ደቂቃ ፈቀደችላት።

ከቀብሩ በፊት በነበረው ዓርብ ጆቬሊን ደውላ የምትፈልገውን ነገረችኝ። ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ ብላት እምቢ አለች።

«ፎቶ አይሰማም፣ ማናንግ» አለችኝ። ታላቋ ስለሆንኩ እሷም እንደ ቴምዮ ማናንግ ነው የምትለኝ። «ሣጥኑ ከመዘጋቱ በፊት ፊቷን አሳዪኝና ስልኩን ጆሮዋ ጋ አድርጊልኝ። የምነግራት ነገር አለኝ።»

ስምንት ዓመት ያጠራቀመችው ነገር ነው። እሺ አልኳት፣ ማልኩላት። በቀብሩ ቀን ጠዋትም መስመሩ ለእሷ ነፃ እንዲሆን ብዬ የተለጠፈውን ቁልፍ ቀደድኩት፤ ቁልፉንም ለወጥኩት።

ቀብሩ ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ዝር ያላለው ቴምዮ ጥቁር ሸሚዝ ለብሶ፣ ፀጉሩን አበጥሮ፣ አራት ጓደኞቹን አስከትሎ መጣ። እኔ ሞኟ ደስ አለኝ። የናናይ ሞት ልቡን ነክቶት ይሆናል ብዬ ለጓደኞቹም ገንፎ ቀዳሁላቸው። ገንፏቸውን ከበሉ በኋላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ የዋይፋዩን ቁልፍ ጠየቀኝ። ለቀብሩ መዝሙር ላወርድ ነው አለ። መዝሙር ምን ያህል ይሆናል ብዬ ነገርኩት፤ የናናይ ስምና የተወለዱበት ዓመት ነው። «ሳልቫ በትልቁ ፊደል ነው የሚጀምረው?» አለኝ። ያሳደጉትን ሴት ስም አጻጻፍ በዕድሜው የጠየቀው ለዚህ ነው።

ጆቬሊን ስምንት ሰዓት ላይ ደወለች። ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ቆማለች፣ ነጭ ሻሽ አስራለች። ሰዉን አንድ በአንድ አሳየኋት፣ ሁሉንም በስማቸው ሰላም አለች። ከዚያ አሁን ወደ እናቴ አለችኝ። ስልኩን ይዤ ወደ ሬሳ ሣጥኑ ዞርኩ። ቴምዮ ራስጌው ጋ ቆሟል፣ የዋይፋዩ ማሽን የተሰቀለው እዚያ ነዋ። ሁለት እርምጃ ሳልሄድ የጆቬሊን ፊት አፏ እንደተከፈተ ስክሪኑ ላይ ደርቆ ቀረ። ይታይሻል ወይ ብል መልስ የለም። ይሰማሻል ወይ ብል መልስ የለም። ዘግቼ እንዳልደውል ማዳሟ ጨርሳለች ብላ ስልኩን እንዳትቀማት ፈራሁ።

ቀና ስል አምስቱም ስልካቸው ላይ አቀርቅረዋል። የቴምዮን አየሁት። ለካ ያን ዕለት የወጣ አዲስ ጨዋታ ነው፤ ጠመንጃ የያዘ ሰውዬ፣ ከሥሩ የምትሳብ አረንጓዴ መስመር፣ ሰማንያ አራት ከመቶ። ስክሪኑ ከጨለመ ማውረዱ ስለሚቆም በአውራ ጣቱ በየአፍታው ይነካካዋል። ሲግልበት ደግሞ እንዲበርድለት ብሎ የሬሳ ሣጥኑ መስተዋት ላይ ያስቀምጠዋል፣ ልክ በናናይ ፊት ላይ።

«አቁመው» አልኩት ሰው እንዳይሰማ በዝግታ። «ጆቬሊን እናቷን እያየች አይደለም።»

«አሁን ካቆምኩት ከዜሮ ነው የሚጀምረው፣ ማናንግ» አለኝ። «አሥራ ስድስት ናት የቀረችው። ናናይ እንደሆነች የትም አትሄድ።»

ማሽኑን ከሶኬቱ ልነቅለው እጄን ዘረጋሁ፤ ግን እሱን ከነቀልኩት ጆቬሊንም አብራ ልትነቀል ነው። ስልኩን ልነጥቀው ስል ሸሚዙ ውስጥ ሸጎጠው። በካርድ ልደውል ብል ሰፈራችን ኔትወርክ የሚይዘው ኮረብታው ላይ ነው። ፍትሐቱን ሊያደርሱ የመጡት አባ ሌላ ቀብር ይጠብቀኛል አሉ። ለመንኳቸው፣ ሩብ ሰዓት ታገሡኝ፣ ከዚያ በላይ አልቻሉም። መስተዋቱን አስከፍቼ ስልኩን ናናይ ጆሮ ሥር አደረግሁት። ምንም ድምፅ አልወጣበትም። ክዳኑ ሊወርድ ሲል አነሳሁት። ጥቂት ቆይቶ አርባው ደቂቃ ሞላና ጥሪው ተቋረጠ። ያኔ ከጓደኞቹ አንዱ ከኋላዬ «ወረደልኝ» አለ። ሬሳው ሲወጣ አምስቱም ወደ ዳቦ ቤቱ ሄዱ።

ሳምንቱን አላናገርኩትም። ዓርብ ዕለት ከጆቬሊን የድምፅ መልእክት መጣልኝ። ልትሰድበኝ ነው ብዬ እየፈራሁ ከፈትኩት።

«ማናንግ፣ እናቴን አላየኋትም» ትላለች። «ወደ እሷ ስትዞሪ ምስሉ ቆመ። ግን አንድ ሰው ላይ ነው የቆመው። ጥቁር ሸሚዝ ለብሷል፣ እናቴ ራስጌ አንገቱን ደፍቶ ያለቅሳል። ፊቱን አላየሁትም። ለእሷ ያልኩትን ሁሉ ለእሱ ነገርኩት፣ አብረን አለቀስን። እኔ ባልኖር እንደ ልጅ የቆመላት ሰው አለ ብዬ ተጽናናሁ። ማነው እሱ? እግዜር ይስጥልኝ በይልኝ።»

ስልኩን ይዤ ቴምዮ ጋ ሄድኩ። ትራይሲክሉን የናናይ አጥር ሥር አቁሞ፣ ውስጡ ተጋድሞ በእሳቸው መስመር ያንኑ ጨዋታ ይጫወታል። መልእክቷን ከፍ አድርጌ አሰማሁት። «አብረን አለቀስን» የሚለው ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመች። አፍሯል አልኩ በልቤ፣ እንዲያውም አሳዘነኝ።

«ገደሉኝ እኮ» አለ ስክሪኑን እያየ። ከዚያ እኔ እንዳለሁ ትዝ አለውና፣ «ምንም አይደል በያት» አለኝ።

እዚያው ቆሜ ለጆቬሊን ጻፍኩላት። ወንድሜ ቴምዮ ነው፣ እናትሽን በጣም ይወዳቸው ነበር፣ ምንም አይደል ብሎሻል አልኳት። ይኸው እስካሁን ዓርብ በመጣ ቁጥር ያን ደግ ሰው ሰላም በይልኝ ትለኛለች። እኔም እሱም ሰላም ብሎሻል እላታለሁ፣ ከእሱ ይበልጥ ራሴን እየተጸየፍኩ።