ቅዳሜ አለብኝ

ጋሽ ሜትር ዓርብ ማታ ስልክ ሲደወልላቸው በረንዳ ላይ ይወጣሉ። ኔትወርክ ፍለጋ ነው ይላሉ እንጂ እውነቱ ሌላ ነው፤ ከልጃቸው ጋር ሲነጋገሩ መንጎራደድ ይወዳሉ። ጆሯቸው ስለደከመ ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ ያደርጉታል። እኔ ጎረቤታቸው ነኝ፣ በረንዳችንም አንድ ነው። ስለዚህ ልብስ ሳሰጣም ሆነ ሕፃኑን ሳባብል፣ ወደድኩም ጠላሁም የአባትና የልጅ ወሬ እሰማለሁ።

“አባባ፣ ክፍሉን ቀለም አስቀባሁልህ እኮ።”

“ጥሩ ነው። ይድረቅ።”

“ከደረቀ ወር ሆነው።”

“እሱም ጥሩ ነው። ግን ልጄ፣ ቅዳሜ አለብኝ።”

ሌላው ሰው ሥራ አለብኝ፣ ቀጠሮ አለብኝ ይላል። እሳቸው ያለባቸው ቅዳሜ ነበር። ልጃቸው ሌላ ከተማ፣ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው፤ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ እሷ ጋ እንዲገቡ ሦስት ዓመት ለምናቸዋለች። ክፉ ልጅ አይደለችም፣ ትወዳቸዋለች። እሳቸው ግን ከገዛ በራቸው መውጣት አይፈልጉም። “የልጄም ቤት ቢሆን እዚያ እንግዳ ነኝ፤ እንግዳ ደግሞ ወንበር ይሰጠዋል እንጂ ሥራ አይሰጠውም” ብለውኛል አንድ ቀን። እዚህ ያቆየቻቸው ቅዳሜ ብቻ ነበረች። ይህን አውቅ ነበር። አላወቅኩም ብል ይቀለኝ ነበር።

ሜትር የሚለው ስም የወጣላቸው በሥራቸው ነው። ሠላሳ ሁለት ዓመት ከመንገድ ቀያሾች ጋር ሜትር ሲጎትቱ ኖረዋል። መሐንዲሱ በመነጽሩ ያያል፣ እሳቸው የሜትሩን ጫፍ ይዘው እሾህና ጭቃ ይሻገራሉ። “እኔ የምይዘው ዜሮውን ነው” ይላሉ፤ “ዜሮው ከተነቃነቀ ግን የመሐንዲሱም ቁጥር ውሸት ነው።”

ጡረታ እንደወጡ የሰፈሩን ልጆች ሰበሰቡ። ከሰፈሩ በታች፣ ድሮ ጡብ ይመረትበት የነበረ ባዶ ሜዳ አለ። በየቅዳሜው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ከስምንት እስከ አሥራ አራት ዓመት ያሉ ልጆች እዚያ ይውላሉ። ገመድ ማሰር፣ በኮምፓስ አቅጣጫ መያዝ፣ የተደበቀ ባንዲራ በእርምጃ ቆጥሮ ማግኘት፣ ውኃ ወዴት እንደሚሄድ ማየት። ደሞዝ የሚባል ነገር የለም። የሚያግዟቸው ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ ሌሊቱን ዳቦ ሲያወጣ አድሮ የተረፈውን በማዳበሪያ ተሸክሞ የሚመጣው ዳቦ ጋጋሪ ነው፣ ሁለተኛዋ እኔ። የገባሁት በትልቋ ልጄ ምክንያት ነው። የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ብቻዋን አትሄድም ብዬ፣ ትንሹን አዝዬ ተከተልኳት፤ በዚያው ቀረሁ።

ስም ጥሪያቸው የተለየ ነበር። ሁለት ችካል መቶ ሜትር ተራርቀው ተተክለዋል። ልጁ ከአንዱ ችካል እስከ ሌላው እንደ ልማዱ ይራመዳል። ጋሽ ሜትር ጫፉ ላይ ቆመው “ስንት?” ይላሉ፤ ልጁ የእርምጃውን ቁጥር ይናገራል፤ እሳቸው ደብተራቸው ላይ ያሰፍራሉ። ቁጥሩ ቀነሰ ማለት እርምጃው ረዘመ፣ ልጁም አደገ ማለት ነው። ሲቀንስ ደስ የሚል ነገር እዚያ ብቻ ነው ያየሁት። ከልጆቹ በኋላ እሳቸውም ይራመዱና የራሳቸውን ይጽፋሉ።

በበጋ ማንም ልጅ ሜዳ ይወጣል። የጋሽ ሜትር ቅዳሜ የሚፈተነው ክረምት ሲገባ ነበር። እናቶች ይጠይቃሉ፤

“ጋሼ፣ ቢዘንብስ?”

“ከዘነበማ ይዘንባል።”

“ልጆቹ ይረጥባሉ እኮ።”

“ጨው ናቸው እንዴ የሚሟሙት? ከዛሬ በፊት የሟሟብኝ ልጅ የለም።”

ደግሞም ልጆቹ መጡ። ባለፈው ክረምት ሃያ አራት ልጆች ነበሩን። ለምን እንደሚመጡ ያኔ አላስተዋልኩትም። ክረምት ማለት እኛ ሰፈር አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ሰው፣ በገመድ ላይ የማይደርቅ ልብስ፣ “አትሩጥ፣ አትንካ፣ ሕፃኑ ተኝቷል” ማለት ነው። እኔ ራሴ በቀን ስንቴ ልጄን “ዝም በይ” እንደምላት ብትቆጥረው ከመቶ ሜትር እርምጃዋ ሳይበልጥ አይቀርም።

በክረምቱ አጋማሽ አንድ ቅዳሜ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ሲዘንብ ቆይቶ ሜዳው ቦክቶ ጠበቀን። ዳቦ ጋጋሪው ጫማው ተውጦበት በአንድ እግሩ ቆመ።

“ጋሼ፣ ዛሬ ስንት ኩንታል ሊጥ ነው የምንረግጠው?”

“አንተ ለምደኸው የለ? ቅደም።”

ልጆቹ ተራምደው ቁጥራቸውን ካስጻፉ በኋላ ጋሽ ሜትር ተራቸውን ጀመሩ። መሀል ላይ እግራቸው ከዳቸውና ጭቃው ላይ ቁጭ አሉ። እሳቸው እንደተቀመጡ ዞር ብለው ችካሉን አዩና፣ “እንዳትሉኝ ወደቀ፤ አርባ ሜትር ላይ ምልክት እያደረግኩ ነው” አሉ። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ተነሥተው ጨረሱ። እጃቸው በጭቃ ስለተለወሰ ደብተሩን እኔ ያዝኩላቸው።

“ስንት?” አልኳቸው እንደሳቸው አድርጌ።

“መቶ ሰባ ሰባት።”

ጻፍኩ። ከዚያ ገጹን ገልጬ ያለፈውን ቅዳሜ ቁጥራቸውን አየሁ። መቶ ሃምሳ ስምንት። በአንድ ሳምንት አሥራ ዘጠኝ እርምጃ። እግራቸው አጠረ፣ ሰውየው እያለቁ ነው አልኩ በልቤ። ያየሁት የእሳቸውን መስመር ብቻ ነበር።

ያን ቀን ወደ ቤት ሲመለሱ ያነክሱ ነበር። የኔም ሕፃን ማታ ሳል ጀመረው። እኔ ነገር ሲበላሽ ቁጭ ብዬ የማለቅስ ሰው አይደለሁም፤ መላ እፈልጋለሁ። ሰኞ ጠዋት ሕፃኑን አዝዬ የሰፈሩ አዳራሽ ኃላፊ ዘንድ ሄድኩ። ቅዳሜ ጠዋት ባዶ መሆኑን አጣርቼ፣ ለምኜ፣ ፈቃድ አገኘሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፣ ፕሮግራም ማውጣት አያቅተኝም። በማስመሪያ አስምሬ ጻፍኩት፤ ሁለት ሰዓት ንባብ፣ ሦስት ሰዓት ስለ ጤና ትምህርት፣ አራት ሰዓት ሥዕል። ወረቀቱን ይዤ ጋሽ ሜትር ቤት ገባሁ።

መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት።

“የኔ ቦታ የቱ ጋ ነው?”

“እርስዎማ የበላይ ሆነው ይቆጣጠራሉ። ከፊት ወንበር አድርገንልዎታል። ትንሽ ይረፉ እንጂ ጋሼ።”

“አሳረፍንዎት በይኛ።”

“አዎ፣ ክረምቱን እንኳ እናሳርፍዎት።”

“ልጄ፣ ‘አረፈ’ የሚባለው ለማን እንደሆነ ጠፍቶሽ ነው?”

ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና፣ “እንግዲህ እናት ነሽ፣ አንቺ ታውቂያለሽ” አሉኝ። ስቄ መውጣቴ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ሃያ አራቱም መጡ። ደረቅ ነበር፣ ማንም አላሳለም፤ ተሳካልኝ አልኩ። ጋሽ ሜትር ግን ስም ጥሪያቸውን አልተዉም። የአዳራሹ ርዝመት ሃያ ሜትር ስለሆነ ለመቶ ሜትር አምስት ጊዜ መመላለስ ይጠይቃል። ሁለት ልጆች ሞከሩ፤ ግድግዳው ጋ ሲደርሱ እርምጃቸውን ያሳጥራሉ፣ ሲዞሩ ቁጥሩ ይጠፋባቸዋል። ኃላፊው ከበሩ ሆኖ “ወለሉን! ወለሉን!” ይላል። ጋሽ ሜትር ደብተሩን ዘጉት።

“ዞሮ መመለስ እርምጃ አይደለም” አሉ ቀስ ብለው፣ ሄደውም ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። እኔ ጨርቅ ያለበስኩት ወንበር ነበር።

በሁለተኛው ቅዳሜ አሥራ ሰባት መጡ። በሦስተኛው ዘጠኝ። በአራተኛው አምስት፤ ከአምስቱ አንዷ ምርጫ የሌላት የኔ ልጅ ናት። ቀጭኔ የምንላትን ረጅሟን ልጅ ወፍጮ ቤት በር ላይ አገኘኋት።

“ለምን ቀረሽ አንቺ?”

“እትዬ፣ ዝም ብሎ መቀመጥ ቤትም አለ እኮ።”

በስድብ አልነበረም ያለችው። ዋጋ ጠይቄያት እንደምትነግረኝ፣ እንዲሁ ነው የነገረችኝ። ዱቄቷን ተሸክማ ሄደች። እኔ ያኔ እንኳ አልነቃሁም፤ ጨዋታ ጨምሬ ፕሮግራሙን አሻሽላለሁ እያልኩ ነበር።

በዚያው ሳምንት ዓርብ ማታ ስልኩ ጮኸ። እኔ ደጃፌ ላይ ቆሜ የሕፃኑን ጨርቆች እያጠፍኩ ነበር።

“አባባ፣ ነገም ቅዳሜ አለብህ?”

ጋሽ ሜትር አልተንጎራደዱም። የበረንዳውን ብረት ይዘው ቆሙ።

“ቅዳሜዋንማ... ተረክበውኛል።”

ብረቱን ለቀቁና ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠጉ።

“ያ የቀባሽው ክፍል መስኮት አለው?” አሏት።

“አለው አባባ።”

“ወዴት ያያል?”

እዚያች ላይ ጠጋ ብዬ “ተሳስተዋል ጋሼ፣ ቅዳሜ አለብዎት” ማለት እችል ነበር። አራት ቃል ነው። ሕፃኑ ተኝቷል፣ ነገ እነግራቸዋለሁ ብዬ ጨርቆቹን አቅፌ ገባሁ። ነገ የሚባለው ግን ቅዳሜ ነበር፤ ጉልበቴን ብለው ቀሩ። በሚቀጥለው ሳምንት ልጃቸው መኪና ይዛ መጣች። ሁለት ሻንጣና አንድ ፍራሽ ነው የጫኑት። ቤቱን ለአንድ ልብስ ሰፊና ለሚስቱ አከራዩት። ሊሄዱ ሲሉ ደብተሩንና ሜትሩን አምጥተው በእጄ ላይ አኖሩ።

“ሜትሩ እርጥበት አይወድም። ዘይት ቀቢው።”

“ደብተሩስ?”

“ደብተሩ ይነበባል።”

ለማንበብ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለቱም ልጆች ተኝተው ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርኩ። ክረምቱ ሲገባ የጋሽ ሜትር ቁጥር መቶ ሰባ አንድ ነበር። ቀጥሎ መቶ ስልሳ ስምንት፣ መቶ ስልሳ ሦስት፣ ከዚያ መቶ ሃምሳ ስምንት። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ በዝናቡ መሀል በየሳምንቱ እርምጃቸው እየረዘመ ነበር። ያች የጭቃ ቅዳሜ ላይ ደረስኩ። ልጄን አየኋት፤ ከመቶ ሰማንያ ሁለት ወደ ሁለት መቶ አራት። ቀጭኔ ከመቶ አርባ አምስት ወደ መቶ ስልሳ ስድስት። ሃያ አራቱም ልጆች፣ አንድ ሳይቀር፣ በሃያ ገደማ ጨምረዋል። በጭቃ ማን ረጅም ይራመዳል? የሁሉም ልጅ እርምጃ ባጠረበት ቀን፣ ሽማግሌውን ብቻ ነጥዬ አርጅተዋል አልኩ።

በዚያ ሳምንት ዓርብ እኔ ደወልኩላቸው። ነገ ወደ ሜዳው እንመለሳለን አልኳቸው፤ ከዚያም ደብተሩን በትክክል እንዳላነበብኩት ተናዘዝኩ።

“ጭቃ ነበር” አሉ።

“ያውቁ ነበር?”

“ሜትር ጎታች ጭቃና እርጅና ይምታታበታል?”

“ታዲያ ለምን ዝም አሉ ጋሼ?”

ከወዲያ የቴሌቪዥን ድምፅ ይሰማል። በር ሲዘጋ ሰማሁ፤ ድምፁ ቀነሰ።

“ለምነሽ፣ ጽፈሽ፣ ወንበር ጨርቅ አልብሰሽ መጣሽ። ልጆቹም ስወድቅ አይተዋል። ቁጥሩን እያወቅኩት፣ እውነቷን ይሆን? አልኩ። ሰው አርጅተሃል ሲባል አንድ ሰሞን ያምናል። ሰሞኑ ሲያልፍ ቦታው ተይዞ ያገኘዋል።”

“ይመለሱ፣ እባክዎ።”

“የት? ልብስ ሰፊው ጭን ላይ?” ሳቁ፤ እኔ አሁን አልሳቅኩም። ከግድግዳው ማዶ የስፌት መኪናው ይሰማኝ ነበር። “ደግሞ ልጄ ደስ ብሏታል። በየቀኑ ቶሎ ትገባለች።”

“ይራመዳሉ?”

“ኮሪደሩ ሃያ ሁለት እርምጃ ነው። ያው...”

“ዞሮ መመለስ ነው” አልኩ።

“አዎ። በይ ተኚ አሁን፤ ነገ ቅዳሜ አለብሽ።”

በማግስቱ እያካፋ አሥራ አንድ ልጆች መጡ። ቀጭኔ ሁለት ታናናሾቿን ይዛ ከሁሉም ቀድማ ቆማለች። አንዱን ችካል ጎርፍ ወስዶታል፤ መቶ ሜትሩን እንደገና መለካት ነበረብን። ዳቦ ጋጋሪው የሜትሩን ሳጥን ይዞ ትንሽ ራመድ አለና ዞረ።

“ዜሮውን ማን ይይዛል?”

ሕፃኑን በጀርባዬ አስተካክዬ ተንበረከክኩ፤ ጫፉን ችካሉ ሥር በአውራ ጣቴ ተጫንኩት። እሱ እየጎተተ ራቀ፣ ሜትሩ ተወጠረ፣ ሕፃኑ ተወራጨ። መቶ ደረስኩ ብሎ ጮኸ። ጣቴ የተነቃነቀ መሰለኝ።

“ተመለስ” አልኩት፤ “ደግመን እንለካው።”