የባለቤቴ ዓይን ቅላት

ሞያሌ ውስጥ አንዱን ያሻለው የዓይን ጠብታ ሰፈሩን ሁሉ ይዞራል። ሞባይል ከተማችን በገባ ሰሞን ባለቤቴን የግራር እሾህ ዓይኗን ወጋት። እኔን ያሻለኝን ጠብታ ጠዋት ማታ ጨመርኩላት። በሦስተኛው ቀን ቅላቱ ጠፋ። ሐኪም ቤት ውሰደኝ ስትለኝ «ጠፋልሽ አይደል እንዴ!» ብዬ ጮኽኩባት።

ማየት ሲያቅታት በጭነት መኪና ናይሮቢ ወሰድኳት። ሐኪሙ ዓይኗን አደንዝዞ፣ ገና ለጥናት የመጣ ነው የተባለውን ማይክሮስኮፕ ጫፉን አስነካትና ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው። ከብሌኗ ፊት ባለው ጥርት ያለ ሽፋን ውስጥ ነጫጭ ክር ተተብትቧል።

«ፈንገስ ነው» አለኝ በስዋሂሊ። «ሊዋጉት የሚመጡት ሴሎች ግን የሉም። ቅላቱ የእነሱ ውጊያ ነበር። የነገርከኝ ጠብታ ነው ያስቆማቸው። ማነው ያዘዘላት?»

ባለቤቴ ስዋሂሊ አትሰማም፤ ያገባኋት ከድንበሩ ወዲያ፣ ከኢትዮጵያው ሞያሌ ነው። አገጯን ከማሽኑ ሳታነሳ «ምን አለ?» አለችኝ። «ቆይ፣ ይጨርስ» አልኳት።

«የሰጠኸኝን ጠብታ ልቀጥል እንደሆነ ጠይቅልኝ» አለች። ብልቃጡን መንገድ ላይ እንዳይጠፋብን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ነበር የመጣችው።