አባቴ የሠራባት ቅዳሜ

በስደት በምንኖርባት ብሩክሊን ፓርክ፣ ቤታችን ውስጥ ብርዱ ሲገባ፣ ማሞቂያው ከምድር ቤት እየተነፈሰ ሲነሣ የአባቴ ወናፍ ይመስለኝና ከያዝኩት ሥራ ቀና እላለሁ።

አባቴ ጎንደር ገጠር ውስጥ ቀጥቃጭ ነበር። እኛ ቤተ እስራኤል ስለሆንን አገሬው በአባቴ ማረሻ እያረሰ፣ በእናቴ እንስራ ውኃ እየቀዳ «ቡዳ» ይለን ነበር፤ መንገድ ላይ ሲያገኙን ሴቶቹ የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍኑ ነበር።

ደርግ መሬት ሲያከፋፍል፣ መሬት ኖሮን ለማናውቀው ለእኛም ደረሰን። በዚያ ክረምት አባቴ ዝናብ እየመታው ማሳውን ዞሮ ዞሮ አየና «ከእንግዲህ ሰው ሆንን» ብሎ ገባ፤ ስብሰባ ሲጠራም ከሁሉ ቀድሞ ይሄድ፣ መፈክሩን ከሁሉ አስበልጦ ይጮህ ነበር።

በመኸር ጤፋችን አማረ። አርብ ጀምበር ሳትጠልቅ እሳቱን አጥፍተን፣ ሰንበታችንን ቅዳሜን የቀዘቀዘ ምግብ እየበላን በጸሎት እንውል ነበር።

በጋ ሲገባ ግን የገበሬ ማኅበሩ የጋራ ሥራ ቅዳሜ እንዲሆን ተወሰነ። ሊቀ መንበሩ ጠመንጃውን እንዳንገተ ደጃችን ቆመ።

«እሑድ ልሥራ፣ የሁለት ሰው ሥራ ልሥራ» አለው አባቴ።

«እሑድማ ሰው ያርፋል፣ ጓድ። ጽዮናዊ ካልሆንክ ና፤ ከሆንክ መሬቱን ለሚሠራበት እንሰጠዋለን።»

እናቴ ከውስጥ «ትናንት ቡዳ፣ ዛሬ ጽዮናዊ! ስም እንኳ አያልቅባቸው!» አለች፤ አባቴ በዓይኑ ዝም አሰኛትና ሄደ።

ውኃ ይዤለት ስወጣ ለእርከን ድንጋይ ተሸክሞ አገኘሁት። አብራው ድንጋይ ስታቀብል የዋለችው ጎረቤታችን፣ ልጇን ወደ ጀርባዋ ሳብ አድርጋ ፊቱን ሸፈነችው። አባቴም አየ። ውኃውን ሳይጠጣ መለሰልኝና «ቅዳሜዬንም ወሰዱ» ብቻ አለ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ መሬቱን ትተን በእግራችን ሱዳን ገባን፤ የእኔም ትምህርት በዚያው ቀረ። ኋላም ስደቱ ወደዚህ አገር አመጣን።

ዘግይቼ የወለድኳት ልጄ ዛሬ ሴዳር ሪቨርሳይድ ከሚባለው ሰፈር አጠገብ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ ለመጋዘን ሠራተኞች መብት ከሚሟገቱ ጓደኞቿ ጋር ትሰበሰባለች። ደግ ሥራ ነው፤ እኔም ኤደን ፕሬሪ የሚባል ከተማ መጋዘን ስሠራ ወገቤን የታመምኩ ሰው ነኝ። ባለፈው ግን በሚቀጥለው ስብሰባ መናገር ከፈለገች፣ አንገቷ ላይ ስላለው የዳዊት ኮከብ፣ ጽዮናዊ ነሽ ወይ ለሚለው፣ አስቀድማ ሰው ፊት መልስ እንድትሰጥ ጠየቋት።

«ሌላ ማንንም አልጠየቁም እኮ፣ ማሚ» አለችኝ።

ኮከቡን አውልቂው ልላት አስቤ የአባቴ ውኃ አለመጠጣት ትዝ አለኝ፤ አታውልቂው ልላትም ፈራሁ። በስብሰባው ጠዋት በር ላይ ቆሜ «ጃኬትሽን እስከ አንገትሽ ዝጊው» አልኳት። አልበረደኝም ብላ በእንግሊዝኛ መለሰችልኝ፤ ብርድም አልነበረም።

አባቴን ያዘዘው ባለጠመንጃ ነበር፤ እሷን የሚጠይቋት አብረዋት ምሳ የሚበሉ፣ እኔም በስማቸው የማውቃቸው ልጆች ናቸው። አባቴ ያን ቀን ምን ማድረግ እንደነበረበት እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ እሷ ደግሞ መኪናዋን አስነሥታ የምመክራትን ትጠብቃለች።