ወራጅ አለ

መስማት የተሳናት እህቴ ሰናይት ባምቢስ አካባቢ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ለቅጥር ፈተና ተጠርታ፣ እንደ ልማዴ ላስተረጉምላት ከካዛንቺስ አብሬያት ታክሲ ገባሁ። ከኋላችን አንድ ጎልማሳ፣ «ለአንድ አገር አንድ የሥራ ቋንቋ ይበቃል፤ ሲበዛ አንግባባም» ሲል አላስቻለኝም። ዞሬ «እንዲያውም የምልክት ቋንቋም ይጨመር» አልኩት። በቃ፣ ታክሲው በጭቅጭቅ ተናወጠ። አንዲት እናት «ወራጅ አለ» እያሉ ቢጮሁ የሰማቸው የለም።

ወደ ፊት ስመለስ ሰናይት የለችም።

«እህቴስ?» አልኩት ሾፌሩን ደንግጬ።

«ባምቢስ ወረደች።»

«ማን ‹ወራጅ አለ› አለህ?»

«ራሷ ናታ፤ በስፖኪዮው እያየኋት በእጇ ነገረችኝ። የኔም ልጅ እንደሷ ናት» አለና አንድ እጁን ከመሪው አንስቶ ምልክቱን አሳየኝ።

ለካ ተከራካሪዬም የሚወርደው ባምቢስ ኖሯል። ወሎ ሰፈር አብረን ወረድን።

እኛ ባምቢስን አለፍን፤ እሷ ፈተናውን።